ገጹ የማን ነው? የከርነል ድራይቨርን የማህደረ ትውስታ አያያዝ ለመጠገን አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

አንድ ፕሮግራም ውሂብ ያስቀመጠበትን አድራሻ ለድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ለሚያንቀሳቅሰው የከርነል ክፍል፣ ይሰጣል፤ ድራይቨሩም ውሂቡን ለመሣሪያው ያደርሳል፣ ወይም ከመሣሪያው ተቀብሎ እዚያው ያስቀምጣል። ሥራው ሲነገር ይህን ያህል አጭር ነው። በሊኑክስ ከርነል (በስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ግን ይህን የሚያደርጉ ቢያንስ አምስት መንገዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ስማቸው ሳይቀር ይመሳሰላል፤ ሁሉም በመጀመሪያው ሙከራ በትክክል የሚሠሩ ይመስላሉ። የተሳሳተውን የመረጠ ሰው ጉዳቱን የሚያየው ከወራት በኋላ ነው፦ የፋይል ስርዓቱ ያለ ምክንያት ሲወድቅ፣ ነጻ ማህደረ ትውስታ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሲሄድ፣ ወይም መሣሪያው የጻፈው ውሂብ ፕሮግራሙ በማያየው ገጽ (ከርነሉ ማህደረ ትውስታን ከፋፍሎ በሚያስተዳድርበት ቁራጭ) ላይ ሲያርፍ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት የቆየ ድራይቨር ከፍቶ ለጥገና ለተቀመጠ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ጥገናው የሚጀመረው አንዱን የከርነል ተግባር በሌላ በመተካት ነው፤ ይህም ስህተቱን ከአንድ መስመር ወደ ሌላ መስመር ከማዛወር አያልፍም። ከመተካቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ያ ገጽ የማን ነው?

ጥያቄው ክብደት የሚያገኘው ከርነሉ ገጾችን ዝም ብሎ ስለማያስቀምጥ ነው። ማህደረ ትውስታ ሲጠብ ገጹን ወደ ዲስክ ያወጣዋል፤ ሰፊ ተከታታይ ቦታ ሲፈልግ ገጹን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል፤ ገጹ የፋይል ቅጂ ከሆነ ይዘቱን ወደ ፋይሉ ጽፎ «ንጹህ» ብሎ ይመዘግበዋል። ፕሮግራሙ ይህ ሁሉ ሲሆን አይታወቀውም፤ የሚጠቀመው ምናባዊ አድራሻ ስለሆነ ከርነሉ ምናባዊውን አድራሻ ከእውነተኛው ቦታ ጋር የሚያያይዘውን የገጽ ሠንጠረዥ ያስተካክልለታል። መሣሪያው ግን በዲኤምኤ፣ ማለትም ያለ ፕሮሰሰሩ ማህደረ ትውስታን በቀጥታ በመንካት፣ የሚሠራው አንድ ጊዜ በተነገረው አድራሻ ነው። ገጹ ከተነሳ በኋላም ወደዚያው ቦታ መጻፉን ይቀጥላል፤ ያ ቦታ በዚያን ጊዜ የሌላ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል።

መመዘኛዎቹ

ቀዳሚው መመዘኛ የገጹ ምንጭ ነው። ገጹ ፕሮግራሙ ራሱ የጠየቀው ተራ ማህደረ ትውስታ ነው፣ በፋይል የተደገፈ ነው፣ ወይስ ድራይቨሩ ራሱ ያዘጋጀው? ድራይቨሩ ይህን አስቀድሞ የማወቅ ዋስትና የለውም፤ ተጠቃሚው በፋይል ላይ የተዘረጋ አድራሻ ቢሰጠው የሚከለክለው ነገር ላይኖር ይችላል።

ቀጥሎ ቆይታ ይመጣል። ዝውውሩ በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። ገጹ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ የሚያዝ ከሆነ ግን ከርነሉ ያን ያህል ማህደረ ትውስታ ላልተወሰነ ጊዜ ከእጁ ይወጣል።

ሦስተኛው አቅጣጫ ነው፤ ሰዎችን በብዛት የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ተጠቃሚው ከመሣሪያው «ማንበብ» ሲጠይቅ መሣሪያው ወደ ማህደረ ትውስታ ይጽፋል። ስለዚህ ገጹ ሲያዝ የመጻፍ ፈቃድ ባንዲራ «ፎል ራይት» መሰጠት አለበት፤ ሲለቀቅም «ቆሻሻ» ተብሎ፣ ማለትም ይዘቱ የተለወጠ ተብሎ መመዝገብ አለበት። የመጀመሪያው ከተረሳ መሣሪያው ፕሮግራሙ እንዲጽፍበት ያልተፈቀደለትን፣ ከሌሎች ጋር የሚጋራውን ገጽ ሊያበላሽ ይችላል። ሁለተኛው ከተረሳ ከርነሉ ገጹን እንዳልተለወጠ ቆጥሮ ሊጥለው ይችላል፤ አዲሱ ውሂብም አብሮ ይጠፋል።

ከእነዚህ ሌላ መጠንን፣ እምነትንና አቅምን መመዘን ያስፈልጋል። እምነት ያልኩት ተጠቃሚው ድራይቨሩ መርምሮ ካለፈ በኋላ ይዘቱን መለወጥ ይችል እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። አቅም ስል የሚደገፈውን የከርነል ስሪት፣ የመሣሪያውን ችሎታና ለጥገናው ያለውን ጊዜ አንድ ላይ ማለቴ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ መገልበጥ

ድራይቨሩ የራሱን ቦታ ያዘጋጃል፣ «ኮፒ ፍሮም ዩዘር» በተባለው ተግባር ውሂቡን ወደዚያ ይገለብጣል፣ መሣሪያውም ከዚያ ያነባል። በተቃራኒው አቅጣጫ «ኮፒ ቱ ዩዘር» ይሠራል። የተጠቃሚው ገጽ መሣሪያው እጅ ስለማይገባ ከላይ የተዘረዘሩት አደጋዎች አንዳቸውም አይነሱም። በእምነት መመዘኛም ይህ መንገድ ከሁሉም ይበልጣል፦ ድራይቨሩ አንድ ጊዜ የገለበጠውን መርምሮ ያንኑ ቅጂ ከተጠቀመ፣ ተጠቃሚው ከኋላ መጥቶ የሚለውጠው ነገር የለም።

ሰዎች መገልበጥን ዘገምተኛ ነው ብለው ቶሎ ይጥሉታል። ይህን ፍርድ ከልብ እቃወማለሁ። ገጽ መያዝና መልቀቅም የራሱ ዋጋ አለው፦ የገጽ ሠንጠረዥ መፈተሽ፣ ቆጣሪ መጨመር፣ ለመሣሪያው አድራሻ ማዘጋጀት፣ ከዚያ ሁሉንም መመለስ። ከርነሉ በ2017 በወጣው 4.14 ስሪቱ ያለ ግልበጣ የመረብ መላኪያ «ኤምኤስጂ ዚሮኮፒ» ሲጨመርበት፣ የራሱ የከርነሉ ሰነድ ጥቅሙ በአብዛኛው የሚታየው በአንድ ጊዜ ከ10 ኪሎባይት ገደማ በላይ ውሂብ ሲላክ እንደሆነ አስቀምጧል። ቁጥሩ ለመረብ ሥራ የተሰጠ ነው፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መለካት ያስፈልጋል። ሆኖም በጥቂት መቶ ባይት ትእዛዝ ለሚነጋገር ድራይቨር ገጽ ለመያዝ መድከም ትርፍ የሌለው ሥራ ነው።

መገልበጥም የራሱ ወጥመዶች አሉት። «ኮፒ ፍሮም ዩዘር» የሚመልሰው የስህተት ኮድ ሳይሆን ሳይገለበጥ የቀረውን የባይት ብዛት ነው፤ ይህን ቁጥር እንዳለ ለተጠቃሚው የሚመልስ ድራይቨር ስህተትን እንደ ስኬት እያቀረበ ነው። ለመሣሪያው የሚሰጠው ቦታም ከተግባሩ ቁልል (ለተግባሩ ጊዜያዊ ተለዋዋጮች ከተመደበው ቦታ) ላይ መወሰድ የለበትም፤ በ2016 ከወጣው 4.9 ጀምሮ በኤክስ86 ማሽኖች ላይ ቁልሉ ራሱ በምናባዊ አድራሻ ሊዘረጋ ስለሚችል ለዲኤምኤ አይሆንም። ወደ ተጠቃሚው የሚገለበጠውም መሣሪያው በእርግጥ የሞላው ያህል ብቻ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በቦታው የቀረው የከርነል ምስጢር አብሮ ይወጣል።

ሁለተኛው መንገድ፦ አሮጌው «ጌት ዩዘር ፔጅስ»

በቆዩ ድራይቨሮች ውስጥ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ ይህን ነው። ተግባሩ የተጠቃሚውን ገጾች ያመጣል፣ የእያንዳንዱን ገጽ የማጣቀሻ ቆጣሪ (ገጹን ስንት እንደያዙት የሚቆጥረውን) በአንድ ይጨምራል፤ ሥራው ሲያልቅ ድራይቨሩ በ«ፑት ፔጅ» ይመልሰዋል። ቆጣሪው ገጹ ለሌላ እንዳይሰጥ ይጠብቃል። የሚጎድለው ነገር፣ ቆጣሪውን ማን ለምን እንደጨመረ የሚናገር ምልክት ነው። ከርነሉ «ይህን ገጽ አንድ ሰው ይዞታል» ይላል እንጂ «መሣሪያ እየጻፈበት ነው» ማለት አይችልም።

በፋይል በተደገፈ ገጽ ላይ ይህ ጉድለት ወደ ውድቀት ያመራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ድራይቨሩ ገጹን ይይዛል፤ ከርነሉ ይዘቱን ወደ ዲስክ ጽፎ ገጹን ንጹህ ብሎ ይመዘግባል፣ ለመጻፍም ይዘጋዋል፤ የፋይል ስርዓቱ ለዚያ ገጽ ያዘጋጀውን ያስለቅቃል፤ መሣሪያው ግን መጻፉን አላቆመም። በመጨረሻ ድራይቨሩ ገጹን ቆሻሻ ብሎ ሲመዘግበው የፋይል ስርዓቱ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። ውጤቱ የጠፋ ውሂብ ወይም የቆመ ከርነል ነው። የድራይቨሩ ጸሐፊ ደንቡን አልጣሰም፤ መሣሪያው አልተበላሸም፤ የፋይል ስርዓቱም ሥራውን ሠርቷል። የጎደለው በመካከላቸው የሚደረስ መረጃ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ የገጹን ይዘት የሚነካ ከሆነ ይህን መንገድ ለአዲስ ሥራ አልመክርም፤ በቆየ ድራይቨር ውስጥ ሲገኝም መተካት አለበት። ትክክለኛ ቦታው የገጹን መዝገብ፣ ማለትም ከርነሉ ስለ ገጹ የሚይዘውን መረጃ፣ ብቻ ለሚመለከት፣ ይዘቱን ለማይነካ ሥራ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ ገጹን መቸንከር

በ2020 የወጣው 5.6 ከርነል «ፒን ዩዘር ፔጅስ» የተባለውን ተግባር ያመጣው ለዚሁ ጉድለት ነው። በተራ ገጽ ላይ የማጣቀሻ ቆጣሪውን በ1 ሳይሆን በ1024 ይጨምራል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ቆጣሪው 1024 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ከርነሉ «ይህ ገጽ ለመሣሪያ ሳይቸነከር አይቀርም» ብሎ መገመት ይችላል። ግምት ያልኩት አለምክንያት አይደለም፦ ብዙ ተራ ማጣቀሻ ያለው ገጽ የተቸነከረ ሊመስል ይችላል፤ የተቸነከረ ገጽ ግን ሳይታይ አይቀርም። ስህተቱ ወደ ጥንቃቄ ያዘነበለ ነው። ትልልቅ ገጾች የራሳቸው የተለየ የችንካር ቆጣሪ አላቸው።

ይህ ምልክት የሚሰጠው ጥቅም ፕሮግራሙ በፎርክ ራሱን ሲያባዛ በግልጽ ይታያል። በተለመደው አሠራር ወላጅና ልጅ ገጹን ይጋራሉ፤ መጀመሪያ የጻፈው አዲስ ቅጂ ይወስዳል። ወላጁ ቀድሞ ከጻፈ መሣሪያው አሮጌውን ገጽ እንደያዘ ወላጁ ወደ አዲሱ ይሄዳል፤ መሣሪያው የሚያመጣውም ውሂብ ለወላጁ አይታይም። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ከርነሉ የተቸነከረ የሚመስለውን ገጽ ፎርክ ሲደረግ ወዲያውኑ ለልጁ ይገለብጥለታል፤ ወላጁም የራሱን ገጽ እንደያዘ ይቀራል። በአሮጌው መንገድ የተያዘ ገጽ ይህ ጥበቃ አይደርሰውም።

ጥገናውን ስትሠሩ የሚያጋጥሟችሁ ጉዳዮች ግን ከስም ለውጥ ይበልጣሉ። በቸነከሩበት መንገድ መንቀል ግዴታ ነው፦ የተቸነከረን ገጽ በ«ፑት ፔጅ» የለቀቀ ድራይቨር 1023 ማጣቀሻ ትቶ ሄዷል፤ ያ ገጽ ተመልሶ ነጻ አይሆንም። ተግባሩ ከተጠየቀው ያነሰ ብዛት ሊመልስም ይችላል። 16 ገጽ ጠይቃችሁ 9 ካገኛችሁ ስህተት ብቻ መልሶ መውጣት አይበቃም፤ እነዚያ 9 መነቀል አለባቸው። ምንም ካልተገኘ አሉታዊ የስህተት ቁጥር ይመጣል፤ ድራይቨሩ ውጤቱን አሉታዊ ቁጥር መያዝ በማይችል ተለዋዋጭ ካስቀመጠው ስህተቱ እጅግ ትልቅ የገጽ ብዛት ሆኖ ይነበባል። የገጽ አያያዝ ጥገናን የሚገመግም ሰው ዓይኑን መጀመሪያ መጣል ያለበት በእነዚህ የስህተት መንገዶች ላይ ነው።

የገጽ ብዛት ስሌቱም እንዲሁ ያሳስታል። ገጹ 4096 ባይት ቢሆንና ውሂቡ ከገጹ መጀመሪያ 4000 ባይት ርቆ ቢጀምር፣ 200 ባይት ብቻ ቢሆንም በሁለት ገጽ ላይ ይተኛል፤ 96 በመጀመሪያው፣ 104 በሁለተኛው። ርዝመቱን ብቻ ለገጽ መጠን ያካፈለ ድራይቨር አንድ ገጽ ይቸነክርና መሣሪያውን ወደማይታወቅ ቦታ ይልከዋል። 4096 የሚለውን ቁጥር በኮዱ ውስጥ መጻፍም አይገባም፤ በኤአርኤም64 ማሽኖች ገጹ 16 ወይም 64 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው የጻፈበት ገጽ ሲነቀል «አንፒን ዩዘር ፔጅስ ደርቲ ሎክ» ቆሻሻ ብሎ መመዝገቡንና መንቀሉን አብሮ ይሠራል። ይህ ተግባር የገጹን ቁልፍ ሲጠብቅ ሊተኛ ስለሚችል ከማቋረጫ አስተናጋጅ (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን ሲያቋርጥ ከሚሠራው፣ መተኛት ከማይፈቀድለት ኮድ) ውስጥ መጠራት የለበትም፤ የመሣሪያው ማጠናቀቂያ በማቋረጫ የሚመጣ ከሆነ ሥራውን መተኛት ለሚፈቀድለት የሥራ ወረፋ ማስተላለፍ ያስፈልጋል።

ገጹ ለረጅም ጊዜ የሚያዝ ከሆነ «ፎል ሎንግተርም» የተባለው ባንዲራ ይጨመራል። ያን ጊዜ ከርነሉ ገጹን ከመቸንከሩ በፊት ተንቀሳቃሽ መሆን ካለባቸው ክልሎች ያወጣዋል። በ2023 ከወጣው 6.5 ጀምሮ ከርነሉ ቆሻሻ ገጾችን በሚከታተል የፋይል ስርዓት ላይ ያለን ገጽ ለመጻፍ በዚህ ባንዲራ መቸንከርን አይቀበልም። በቀድሞው ከርነል ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ስህተት ቢመለስለት አይግረማችሁ፤ የተዘጋው በር አደገኛ ነበር። የሚቸነከረው መጠንም በተጠቃሚው የተቆለፈ ማህደረ ትውስታ ጣሪያ (ወደ ዲስክ እንዳይወጣ ሊያስይዝ በሚችለው ከፍተኛ መጠን) ላይ መቆጠር አለበት። መደበኛው ጣሪያ ለረጅም ዓመታት 64 ኪሎባይት ነበር፤ በ5.16 ወደ 8 ሜጋባይት ከፍ ብሏል።

አራተኛው መንገድ፦ የድራይቨሩን ማህደረ ትውስታ ለተጠቃሚው መዘርጋት

እዚህ ባለቤትነቱ ይገለበጣል። ድራይቨሩ ለመሣሪያው የሚመቸውን ቦታ ራሱ ያዘጋጅና ፕሮግራሙ በ«ኤምማፕ» በራሱ አድራሻ ክልል እንዲያየው ያደርጋል። ሥራው ተደጋጋሚ ከሆነ፣ ለምሳሌ የካሜራ ምስል ወይም ተከታታይ የድምፅ ውሂብ፣ በየጊዜው መቸንከርና መንቀል ይቀራል። ከርነሉም እነዚህን ገጾች ወደ ዲስክ አያወጣም።

ዋናው አደጋ የወሰን ፍተሻ ነው። ተጠቃሚው የሚጠይቀውን መነሻና ርዝመት ያልመረመረ ድራይቨር የማሽኑን አካላዊ ማህደረ ትውስታ ለማንም አሳልፎ ይሰጣል። ፍተሻው ሲሠራም የሁለቱ ድምር ከቁጥሩ መያዣ አልፎ ወደ ዜሮ እንዳይጠመዘዝ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለመሣሪያ መዝገቦች (በአድራሻ ለሚደረስባቸው የመሣሪያው መቆጣጠሪያ ቦታዎች) «ቪኤም አዮማፕ ሜሞሪ» ይህን ፍተሻ ራሱ ያደርጋል፤ በእጅ ከመጻፍ እሱን መጠቀም ይሻላል።

በሁለቱ የተለመዱ የመዘርጊያ ተግባራት መካከል ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። «ቪኤም ኢንሰርት ፔጅ» የገጹን ማጣቀሻ ይጨምራል፤ ድራይቨሩ ገጹን ቢለቅ እንኳ ተጠቃሚው እስካለ ድረስ ገጹ ይኖራል። «ሪማፕ ፒኤፍኤን ሬንጅ» ግን ማጣቀሻ አይጨምርም፤ ተጠቃሚው ዘርግቶ ሳለ ድራይቨሩ ማህደረ ትውስታውን ከለቀቀ ያ ፕሮግራም አሁን የሌላ ሰው የሆነውን ገጽ ያነባል፣ ይጽፍበታልም። ለተራ ማህደረ ትውስታ የመጀመሪያውን፣ ለመሣሪያ መዝገቦች ሁለተኛውን ምረጡ። በዲኤምኤ ክፍል በኩል የተገኘ ቦታ «ዲኤምኤ ኤምማፕ ኮሂረንት» የተባለ የራሱ መንገድ አለው። ተጠቃሚው እንዲያነብ ብቻ የተዘረጋ ቦታ ላይ ደግሞ «ቪኤም ሜይራይት» የተባለው ባንዲራ መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ፕሮግራሙ በኋላ ፈቃዱን ራሱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የሚዘረጋው ሁሉ አስቀድሞ በዜሮ መሞላት እንዳለበትም አትርሱ።

አምስተኛው መንገድ፦ ሳይይዙ መከታተል

ድራይቨሩ ገጹን አይይዝም፤ ከርነሉ ገጹን ሊያነሳ ሲል እንዲነግረው ይመዘገባል። ማሳወቂያው ለምናባዊ ማሽኖች ተብሎ በ2008 በ2.6.27 የገባ ሲሆን፣ በላዩ የተገነባው «ኤችኤምኤም» የተባለው ክፍል በ2017 በ4.14 መጥቷል። መሣሪያው እንደ ግራፊክስ ካርድ የራሱ የገጽ ሠንጠረዥ ያለውና የገጽ ጉድለት (የፈለገው ገጽ በቦታው አለመገኘት) ሲገጥመው ቆሞ መጠበቅ የሚችል ከሆነ፣ ማህደረ ትውስታ ሳይታሰር ፕሮግራሙና መሣሪያው አንድ የአድራሻ ክልል ይጋራሉ።

ኮዱን መጻፍ ግን ከባድ ነው። ድራይቨሩ ገጾቹን ካየ በኋላ በመካከል የተለወጠ ነገር እንደሌለ በተከታታይ ቁጥር ማረጋገጥ፣ ከተለወጠም እንደገና መጀመር አለበት። ማሳወቂያው ማህደረ ትውስታ በሚለቀምበት ጊዜ ስለሚጠራ፣ በውስጡ የሚያዝ ቁልፍ በሌላ ቦታ ማህደረ ትውስታ እየተጠየቀ የሚያዝ ከሆነ ሁለቱ እየተጠባበቁ ይቆማሉ። መሣሪያው ጉድለትን መታገሥ ካልቻለ ይህን መንገድ አታስቡት።

በአንድ እይታ

| መንገድ | የገጹ ባለቤት | ተስማሚ ቆይታ | በፋይል ለተደገፈ ገጽ | ዋናው ወጥመድ | የሥራው ክብደት |
|---|---|---|---|---|---|
| መገልበጥ | ድራይቨሩ | አጭር | ችግር የለውም | የመልሱን ትርጉም መሳሳት | ቀላል |
| ጌት ዩዘር ፔጅስ | ተጠቃሚው | የገጹን መዝገብ ለማየት ብቻ | መሣሪያ ከጻፈበት አደገኛ | ከርነሉ መሣሪያውን አያውቅም | ቀላል |
| ፒን ዩዘር ፔጅስ | ተጠቃሚው | አጭር፤ በባንዲራ ረጅም | ለረጅም ጊዜ መጻፍ የተከለከለ | ያልተሟላ ችንካርና አነቃቀል | መካከለኛ |
| በኤምማፕ መዘርጋት | ድራይቨሩ | ረጅም | አይመለከተውም | የወሰን ፍተሻ | መካከለኛ |
| መከታተል | ተጠቃሚውና ከርነሉ | ረጅም | ገጹ ስለማይያዝ አይታገድም | የቁልፍ ቅደም ተከተል | በጣም ከባድ |

ለማን የትኛው?

በአነስተኛ ትእዛዝ የሚሠራ መሣሪያ ያለው ሰው ይገልብጥ። ድራይቨሩ አሁን ገጽ እየያዘ እንኳ ቢሆን ወደ መገልበጥ መመለስ ብዙ ኮድ ያስቀንሳል፤ ለጥገና ጥቂት ቀናት ብቻ ያለው ቡድንም ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለውም።

ትልቅ ውሂብ አልፎ አልፎ የሚያስተላልፍ፣ ፕሮግራሞቹም የራሳቸውን ማህደረ ትውስታ ይዘው የሚመጡ ከሆነ መቸንከር ነው። ከ5.6 በፊት ያለ ከርነል መደገፍ ግዴታ ከሆነ ተግባሩ ስለሌለ፣ በዚያ ስሪት ላይ ትልልቁን ውሂብ ከፋፍሎ መገልበጥን እመርጣለሁ፤ አሮጌውን መንገድ ማቆየት ግን አደጋውንም ማቆየት ነው። ያለማቋረጥ ለሚፈስ ውሂብ፣ ፕሮግራሙን መለወጥ የሚቻል ከሆነ፣ መዘርጋት ይበልጣል። ፕሮግራሙን መለወጥ ካልተቻለ በረጅም ችንካር መቆየት ይቻላል፤ ጣሪያው ይከበር። መከታተል የሚገባው ባለሙያም፣ ጊዜም፣ ጉድለት የሚችል መሣሪያም ላለው ብቻ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ጥገናው በሙከራ መረጋገጥ አለበት። «ፕሮክ ቪኤምስታት» በተባለው የከርነሉ የቆጠራ ፋይል ውስጥ የተቸነከሩና የተነቀሉ ገጾች ሁለት ቆጣሪዎች አሉ፤ ሥራው ሁሉ ቆሞ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንድ የስህተት መንገድ ገጽ ሳይነቅል እየወጣ ነው። የከርነሉ የማህደረ ትውስታ ስህተት ፈላጊ «ካሳን» ከተለቀቀ በኋላ የሚነካ ማህደረ ትውስታን ይይዛል፤ የዲኤምኤ ማረሚያው ደግሞ የተዘጋጀ አድራሻ ሳይመለስ ሲቀር ይናገራል። ሆን ብሎ የማህደረ ትውስታ ጥያቄን የሚያከሽፈውን የከርነል መሣሪያም ክፈቱት፤ በተለመደ ቀን የማይረገጡት መስመሮች የሚፈተኑት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ሙከራ ደግሞ ሳይሠራ መታለፍ የለበትም፦ ዝውውሩ በመካከል ሳለ ፕሮግራሙን በኃይል መግደል። ድራይቨሩ ያን ጊዜ መጀመሪያ መሣሪያውን ያቁም፣ መቆሙንም ያረጋግጥ፤ ቀጥሎ የዲኤምኤ አድራሻውን ይመልስ፤ ከዚያ ገጹን ቆሻሻ ብሎ ይመዝግብ፤ በመጨረሻ ይንቀል። መንቀሉ ከማቆሙ ከቀደመ፣ መሣሪያው አሁንም እየጻፈ ያለው ከርነሉ ለሌላ በሰጠው ገጽ ላይ ነው።